ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰው እጅ የማን ነው? የዳታ ትንተና ኖትቡክና የመስተጋብራዊ ዕይታ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ ከቀረበው ንግግር ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ንግግሬን በአንድ ገጠመኝ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በውጭ ፈታኝነት ተጋብዤ በአንድ የማስተርስ ጥናት ግምገማ ላይ ተገኝቼ ነበር። ተማሪው የአንድ ጣቢያን የዝናብ መዝገብ የተነተነ ሲሆን፣ ግኝቱን ያቀረበው በታተመ ሥዕል ሳይሆን በጁፒተር ኖትቡክ ውስጥ በሠራው ተንቀሳቃሽ ግራፍ ነበር። ከግራፉ ሥር የመነሻውን ዓመት የሚወስን ስላይደር አለ። ስላይደሩ 1984 ላይ ቆሟል፤ የአዝማሚያው መስመርም ወደ ላይ ይወጣል። ተማሪው «የጣቢያው ዝናብ እየጨመረ ነው» ብሎ ደመደመ። እኔም «እስቲ መነሻውን ወደ ኋላ ሳበው» አልኩት። ሳበው። ስላይደሩ ሰባዎቹን አልፎ ስድሳዎቹ ውስጥ ሲገባ መስመሩ ቀስ እያለ ተጋደመ፤ ከዚያም በጥቂቱ ወደ ታች አዘነበለ። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን ዝም አልን።

1984 ምን ዓመት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ «ሰባ ሰባት» እያልን የምናስታውሰውን ረኃብ ያስከተለው ድርቅ የነበረበት ዓመት ነው። ከጉድጓድ ውስጥ ተነሥቶ ለሚለካ ሰው ሜዳውም ዳገት ይመስለዋል። ተማሪው ግን አላጭበረበረም። የዳታው ምሉዕ ክፍል የሚጀምረው ከዚያ ዓመት ስለመሰለው ነበር እዚያ ያቆመው። ነገሩን ሳስበው ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላ ነው። ሥዕሉ በወረቀት ላይ የታተመ ቢሆን ኖሮ ጥያቄዬን ማንሣት እችል ነበር፤ መልሱን ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው ደቂቃ፣ በተማሪው በራሱ እጅ ተሠርቶ ማየት አልችልም ነበር። ይህ ችሎታ ከየት መጣ? ማን አሰበው? ምን ያህልስ እንተማመንበት? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። ዓመታቱን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በየመሀሉ እያነሣሁ እንዳላሰለቻችሁ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ተናግሬ ልለፍ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከጁፒተር ተነሥቶ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መነሻውን ወደ ኋላ መሳብ አለብን፤ ቢያንስ እስከ 1972 ድረስ። በዚያ ዓመት ስመ ጥሩው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ ከጀሮም ፍሪድማንና ከሜሪ አን ፊሸርኬለር ጋር ሆኖ በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የመሥመራዊ አፋጣኝ ማዕከል፣ ፕሪም-9 የተባለውን ሥርዓት ሠራ። የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ለእያንዳንዱ የቅንጣቶች ግጭት ብዙ መለኪያዎችን ይመዘግቡ ነበር፤ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማሳየት አይቻልም። ቱኪና ባልደረቦቹ እስከ ዘጠኝ የሚደርሱ መለኪያዎች ያሉትን የነጥቦች ደመና በስክሪን ላይ አወጡና ተመልካቹ ቁልፍ እየተጫነ እንዲያዞረው አደረጉ። አንዱን ክፍል ለይቶ ማውጣት፣ ሌላውን መሸፈን ይቻላል። ደመናው ሲዞር፣ ቆሞ ሳለ የማይታይ ቅርጽ ብቅ ይላል። በ1973 ቱኪ ራሱ እያስረዳ የተቀረጸ ፊልም አለ፤ ተማሪዎች ፈልጋችሁ እንድታዩት አጥብቄ እመክራለሁ። ለዚያ ሁሉ የሚያስፈልገው ማሽን በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ ኮምፒውተሮች አንዱ፣ አይቢኤም 360 ሞዴል 91 ነበር። ዳታን በእጅ መንካት የጥቂቶች ዕድል ነበር ማለት ነው።

ቱኪ በ1977 ባሳተመው መጽሐፉ ዳታን መመርመር ማለት አስቀድሞ የታሰበን መላ ምት ከመፈተን የተለየና ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑን አስተማረ። አስደናቂው ነገር መጽሐፉ የሚያስተምረው በእርሳስና በወረቀት መሆኑ ነው፤ ያ ታላቅ ማሽን በእያንዳንዱ አንባቢ ቤት እንደሌለ ቱኪ ያውቅ ነበርና። ከዚያ በኋላ በቤል ላቦራቶሪዎች ሪቻርድ ቤከርና ዊልያም ክሊቭላንድ በ1987 «መቦረሽ» የሚባለውን ዘዴ አስተዋወቁ፤ በአንዱ ግራፍ ላይ የተመረጡት ነጥቦች ጎን ለጎን በተደረደሩት ሌሎች ግራፎች ላይም አብረው ቀለማቸውን ይለውጣሉ። ዛሬ በኖትቡክ ውስጥ በሦስት መስመር ኮድ የምንሠራው የተያያዘ ዕይታ አያቱ ይህ ነው።

ሁለተኛው ጅረት የሚፈልቀው ከጽሑፍ በኩል ነው። ዶናልድ ክኑዝ በ1984 ባወጣው ጽሑፍ አንድ ፕሮግራም በመጀመሪያ ለሰው እንዲነበብ ሆኖ መጻፍ አለበት፤ ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ኮድ ከዚያ ጽሑፍ ውስጥ ተለይቶ ይወጣል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ለዚህም የሠራውን ሥርዓት «ዌብ» ብሎ ሰየመው፤ ይህ የሆነው ዓለም አቀፉ ድር ከመፈጠሩ በፊት ስለሆነ የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ነው። በክኑዝ ዘንድ ማብራሪያና ኮድ በአንድ ሰነድ አብረው ይኖራሉ፤ ውጤቱ ግን ከሰነዱ ውጭ ነው። የሁለቱን ጋብቻ በውጤት ያበዙት ሌሎች ናቸው።

በ1988 የስቲቨን ዎልፍራም ማቴማቲካ ለሽያጭ ቀረበ። በማኪንቶሽ ላይ የወጣው ቅጂ ቴዎዶር ግሬይ የሠራው «ኖትቡክ» የተባለ ገጽታ ነበረው፤ ጽሑፍ፣ ቀመር፣ ኮድና ግራፍ ሕዋስ በሕዋስ ተደርድረው በአንድ ሰነድ የሚኖሩበት። ተጠቃሚው የሚያየው ገጽና ስሌቱን የሚሠራው ክፍል ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ነበሩ፤ ሁለተኛው ከርነል ይባላል። ገጹ በጠረጴዛችሁ ላይ ባለች ትንሽ ማሽን ሆኖ ከርነሉ በሌላ ሕንፃ ባለ ትልቅ ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል። ይህን መለያየት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የምናየው በረከትም መከራም ከዚህ የሚመነጭ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በመንገዴ ልጥቀስ። ማቴማቲካ ስቲቭ ጆብስ ከአፕል ወጥቶ ከሠራው የኔክስት ኮምፒውተር ጋር አብሮ ይሸጥ ነበር። ቲም በርነርስ-ሊ በ1990 በጄኔቭ አቅራቢያ፣ በሰርን፣ የመጀመሪያውን የድር ብራውዘር የጻፈውም በኔክስት ላይ ነበር። ኖትቡክና ድር በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ ጎረቤት ሆነው ኖረዋል ማለት ይቻላል። ተገናኝተው በአንድ ቤት ለመኖር ግን ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። ምክንያቱ የሐሳብ ድህነት አይመስለኝም። የያኔው ብራውዘር ገጽ አምጥቶ ከማሳየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ጃቫስክሪፕት በ1995 ተወለደ፤ ገጹን እንደገና ሳያመጡ ከሰርቨር ጋር ጥቂት በጥቂት የመነጋገር ዘዴ ስም አግኝቶ የተስፋፋው በ2005 ነው። ብራውዘርና ሰርቨር መሥመር ከፍተው ያለማቋረጥ እንዲነጋገሩ የሚያስችለው ዌብሶኬት እንደ ደረጃ የጸደቀው ደግሞ በታኅሣሥ 2011 ነበር።

በዚያው ወር፣ በታኅሣሥ 2011፣ አይፓይተን ቁጥር 0.12 ወጣ፤ በውስጡም በብራውዘር የሚሠራው ኖትቡክ ነበረ። የአይፓይተን ጀማሪ ኮሎምቢያዊው ፈርናንዶ ፔሬዝ ነው። በ2001 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በቦልደር የፊዚክስ ዶክትሬቱን እየሠራ ሳለ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ገሸሽ አድርጎ 259 መስመር ያላት ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። (ተማሪዎቼ ሲስቁ ይሰማኛል። መመረቂያ ጽሑፍን ገሸሽ ማድረግ ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ፍሬ አያፈራም።) ኖትቡኩን ለመሥራት ከፔሬዝና ከብራያን ግሬንጀር ጋር የነበሩት ሰዎች ለዓመታት ደጋግመው ሞክረው ደጋግመው ትተውታል። በመካከሉ ዊልያም ስታይን በ2005 የጀመረው ሴጅ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በብራውዘር የሚሠራ ኖትቡክ ቀድሞ አቅርቦ ነበር፤ የአይፓይተን ሰዎችም ከእርሱ እንደተማሩ አይክዱም። በ2011 የቀረበው ሥራ የተሳካው ከርነሉ፣ ሰርቨሩና ብራውዘሩ የሚለዋወጧቸው መልእክቶች በጥንቃቄ ተተልመው ስለነበር ነው። መልእክቱ በግልጽ ስለተጻፈ ከርነሉ የግድ ፓይተን መሆን የለበትም። ፕሮጀክቱ በ2014 ጁፒተር ተብሎ ሲሰየም ስሙ ጁልያን፣ ፓይተንንና አርን በአንድነት የሚያስታውስ ሆነ፤ ጋሊሊዮ በ1610 የጁፒተርን ጨረቃዎች ሲመለከት በጽሑፉ መካከል ኮከቦቹን እየሣለ ለያዘው ማስታወሻም ክብር ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ። የ2011ዱ ኖትቡክ ግራፍ ያሳያል፤ ግራፉ ግን እንደ ወረቀት ሥዕል የቆመ ነው። ሌላ ነገር ማየት ከፈለጋችሁ ኮዱ ውስጥ ገብታችሁ ቁጥር ቀይራችሁ እንደገና ታስኬዱታላችሁ። ይህም ኮድ ለሚያነብ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ኮድ ለማያነብ ሰው ግን፣ ለሐኪሙ፣ ለግብርና ባለሙያው፣ ለሚኒስቴር ኃላፊው፣ በሩ ዝግ ነበር። ማቴማቲካ በ2007 ባወጣው ስድስተኛ ቅጂ አንድን ስሌት በአንድ ትእዛዝ ስላይደር የሚያበጅለት ተግባር አቅርቦ ነበር፤ ሴጅም ተመሳሳይ ነገር አበጀ። አይፓይተን በሚያዝያ 2014 ባወጣው 2.0 ቅጂ «ዊጄት» የሚባሉትን መቆጣጠሪያዎች ይዞ መጣ።

የዊጄቱ ብልኀት በቀላልነቱ ላይ ነው። ተመራማሪው አንድ ተራ የፓይተን ተግባር ይጽፋል፤ ለምሳሌ የመነሻ ዓመት ተቀብሎ የአዝማሚያ መስመር የሚሥል። ከዚያም «ኢንተራክት» ለተባለው ትእዛዝ ይሰጠዋል። ትእዛዙ የተሰጠውን ዋጋ ዓይነት አይቶ መቆጣጠሪያውን ራሱ ይመርጣል፤ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ስላይደር፣ እውነት ወይም ሐሰት ከሆነ ምልክት የሚደረግበት ሣጥን፣ የአማራጮች ዝርዝር ከሆነ ተዘርጋፊ ምርጫ። ተመራማሪው የድረ ገጽ ቋንቋ ማወቅ አላስፈለገውም። የዝናብ መዝገብ የሚያነብ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የድረ ገጽ ሠሪ ሆነ።

ከመጋረጃው በስተጀርባ የሚሆነውን ግን ማወቅ ይገባናል። እያንዳንዱ ስላይደር መንትያ አለው። አንዱ መንትያ በብራውዘሩ ውስጥ የሚኖር የጃቫስክሪፕት አካል ነው፤ ሁለተኛው በከርነሉ ውስጥ የሚኖር የፓይተን አካል ነው። ጣታችሁ የመጀመሪያውን ሲያንቀሳቅስ «ዋጋዬ ተለውጧል» የሚል መልእክት በዌብሶኬት ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ ወደ ከርነሉ ይሄዳል። ከርነሉ መንትያውን ያስተካክላል፤ ተግባሩን እንደገና ያስኬዳል፤ አዲሱን ሥዕል መልሶ ይልካል። ሁሉም ነገር በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ይህ ምልልስ አይታወቅም። ከርነሉ በሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ሲሆንና የኢንተርኔት መስመራችን እንደምታውቁት ሲሆን ግን ስላይደሩ ይቀድማል፤ ሥዕሉ ይከተላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም። ተማሪው ስላይደሩን በትዕግሥት ማጣት ግራና ቀኝ ሲያመላልሰው መልእክቶቹ ይከማቻሉ፤ በመጨረሻ የሚያየው ሥዕል ከየትኛው ዓመት ጋር እንደሚሄድ እርግጠኛ መሆን ያቅተዋል።

ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሔ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ማይክ ቦስቶክ ከጄፍሪ ሂርና ከቫዲም ኦጊየቬትስኪ ጋር በ2011 ዲ-ስሪ የተባለውን የጃቫስክሪፕት ቤተ መጻሕፍት ካስተዋወቀ በኋላ ብራውዘሩ ራሱ ሥዕል የመሣል አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ታየ። ቦኬ፣ ፕሎትሊ፣ አልቴር የተባሉት የፓይተን መሣሪያዎች ሁሉ በዚህ መንገድ ተጓዙ። በእነዚህ ዘንድ ከርነሉ ዳታውንና የሥዕሉን መግለጫ አንድ ጊዜ ወደ ብራውዘሩ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ማጉላቱ፣ መምረጡ፣ ነጥብ ላይ ሲያርፉ ዋጋውን ማንበቡ በብራውዘሩ ውስጥ ያልቃል። ከርነሉ ቢዘጋም ሥዕሉ ሕያው ነው። ኢሜይል ተደርጎ ቢላክ እንኳ በተቀባዩ ማሽን ላይ ይንቀሳቀሳል።

ነገር ግን ይህም ዋጋ አለው። አልቴርን የሞከራችሁ ከ5,000 ረድፍ በላይ ያለው ሠንጠረዥ ስትሰጡት እምቢ እንደሚላችሁ ታውቃላችሁ። ብዙ ተማሪዎች ይህን እንደ ሶፍትዌር ጉድለት ቆጥረው ገደቡን የሚያነሣውን አንድ መስመር ከየትም ፈልገው ይለጥፋሉ። ጉድለት አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ገደቡ የተቀመጠው ዳታው በሙሉ በኖትቡኩ ፋይል ውስጥ ስለሚጻፍ ነው። ፋይሉ ያብጣል። ከማበጡ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላው ነው። የቤተሰብ ጥናት ወይም የሕሙማን መዝገብ ይዛችሁ አማካዩን ብቻ የሚያሳይ ያማረ ሥዕል ብትሠሩ፣ ማጠቃለሉን ለብራውዘሩ ከተዋችሁት፣ የእያንዳንዱ ሰው ረድፍ ከሥዕሉ በስተጀርባ ተቀምጧል። በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ፋይሉን በጽሑፍ ማረሚያ ለከፈተ ሰው ግን የተዘረጋ ነው። ስለዚህ ማጠቃለሉ በከርነሉ በኩል አስቀድሞ መሠራት አለበት። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ስለ መጠይቅ ቅጹ ይጠይቃሉ፤ ስለ ግራፉ ሲጠይቁ ግን ገና አልሰማሁም።

በብራውዘሩ መንገድ እኛ ያተረፍነው አንድ ነገር ስላለ እርሱንም ሳልናገር አላልፍም። ማትፕሎትሊብ የተባለው የፓይተን ሥዕል መሣሪያ በተለምዶ የሚጠቀመው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። የክልሎችን ስም በአማርኛ ብትጽፉ በግራፉ ዘንግ ላይ የሚወጣው የባዶ ሣጥኖች ሰልፍ ነው፤ ፎንት ፈልጎ መጫንና በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 ጀምሮ የተቆጠረው ዘመን ቀላል አይደለም፤ ሆኖም የስንቱ ተማሪ ግራፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ፈልጎ ሳይሆን ሣጥኖቹን ሸሽቶ ነው። በብራውዘር የሚሣል ዕይታ ግን ፎንቱን የሚወስደው ከማሽኑ ስለሆነ፣ የግዕዝ ፎንት ባለበት ማሽን ሁሉ «ሰሜን ጎንደር» ብላችሁ ብትጽፉ «ሰሜን ጎንደር» ብሎ ይወጣል። ብራውዘሮች ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍም ያውቃሉ፤ የፓይተን መደበኛ የቀን መሣሪያ ይህን አያውቅም። ለገበሬ ማኅበር የሚታይ የዝናብ ግራፍ ወሩን «ሐምሌ» ብሎ ቢጠራ ምን ያህል ልዩነት እንዳለው የመስክ ሥራ የሠራ ያውቀዋል።

ወደ ከርነሉና ወደ ገጹ መለያየት ልመለስ፤ መከራውን ገና አልነገርኳችሁምና። የዛሬ ጥቂት ዓመታት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የናሙና ስርጭትን የሚያስተምር ኖትቡክ ሠራሁ። የናሙናውን መጠን የሚቀይር ስላይደር ነበረው፤ ሲያድግ ስርጭቱ እየጠበበ ሲሄድ ይታያል። በሥራዬ ተደስቼ ወደ ድረ ገጽ ፋይል ለወጥኩትና ለተማሪዎቹ አሠራጨሁ። በማግስቱ አንዲት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ «መምህር፣ ስላይደሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሥዕሉ ግን አይሰማውም» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው መንትያ ከነመልኩ ተቀምጧል፤ የሚመልስለት መንትያ ግን የለም። በፋይሉ ውስጥ ከርነል አይላክም። ለዚያ ትምህርት የሚበጀው አሥር የናሙና መጠኖችን አስቀድሞ አስልቶ አሥሩንም ሥዕሎች በፋይሉ ውስጥ ማኖር ነበር፤ ውበቱ ይቀንሳል፤ ተማሪዋ ቤት ግን ይሠራ ነበር።

ሌላው መከራ የሕዋሶቹ ቅደም ተከተል ነው። ኖትቡክ ሕዋሶቹን በፈለጋችሁት ተራ እንድታስኬዱ ይፈቅዳል፤ ከርነሉም የሠራውን ሁሉ ያስታውሳል፤ የሰረዛችሁትን ሕዋስ ውጤት ጭምር። በ2018 ኒው ዮርክ በተደረገው የጁፒተር ጉባኤ ላይ ጆኤል ግሩስ ኖትቡክን እንደማይወድ በግልጽ የተናገረው ብዙው በዚህ ምክንያት ነበር፤ በሰርግ ቤት ሙሽራውን እንደመንቀፍ ነው፤ ሆኖም ተደመጠ። በቀጣዩ ዓመት ፒሜንቴልና ባልደረቦቹ ከጊትሃብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ኖትቡኮችን ሰብስበው አጠኑ። እንደገና ለማስኬድ ከሞከሯቸው ውስጥ ያለ ስሕተት እስከ መጨረሻው የሄዱት 24 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ የተመዘገበውን ውጤት መልሰው የሰጡት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። መስተጋብራዊ ዕይታ ሲጨመርበት ችግሩ ይብሳል፤ ስላይደሩ የቆመበት ቦታ ራሱ ያልተጻፈ የስሌቱ ክፍል ይሆናልና። በ2018 የቀረበው የእነ ቦስቶክ ኦብዘርቫብልና በ2020 የወጣው የጁልያ ፕሉቶ ለዚህ የሰጡት መልስ ከአሮጌ ወዳጅ የተወሰደ ነው፤ ከሠንጠረዥ ሶፍትዌር። በ1979 የወጣው ቪዚካልክ አንድ ቁጥር ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረቱትን ያሰላ ነበር። በፕሉቶም አንድ ሕዋስ ወይም አንድ ስላይደር ሲለወጥ ከእርሱ የሚመነጩት ሁሉ ራሳቸው ይታደሳሉ፤ የተሰረዘውም ከማስታወሻ ይጠፋል። በእኔ ግምት ከጁፒተር በኋላ የመጣ ትልቁ ማሻሻያ ይህ ነው፤ ሆኖም ልማድ ከማሻሻያ ይበልጣልና ክፍሎቻችን ውስጥ ብዙ አላየሁትም።

አንድ ምፀትም አለ። በ2019 የወጣው ቯላ የተባለ መሣሪያ ኖትቡክን ወደ ራሱን የቻለ ድረ ገጽ ይለውጣል። ሲለውጠው፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ ኮዱን ይሰውረዋል፤ የሚቀረው ጽሑፉ፣ ስላይደሩና ሥዕሉ ነው። ለቢሮ ኃላፊ ይህ ተገቢ ነው፤ ኮድ እንዲያነብ አንጠብቅም። ነገር ግን ክኑዝ ኮዱ እንደ ድርሰት ይነበብ ብሎ ከጀመረው መንገድ ተነሥተን፣ ስላይደሩ ለተመልካቹ ነፃነት የሚሰጠው እኛ በወሰንለት አጥር ውስጥ ብቻ ወደሆነበት ደርሰናል። ያ ተማሪ የስላይደሩን ዝቅተኛ ገደብ 1984 አድርጎት ቢሆን ኖሮ እኔ ወደ ኋላ ልስበው አልችልም ነበር። ኮዱ ከተሰወረ ደግሞ ከዚያ በፊት መዝገብ መኖሩን አላውቅም ነበር። የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚሰጠው የግልጽነት ስሜት ከቆመ ሥዕል ይልቅ ሊያሳስት የሚችለው እዚህ ላይ ነው፤ ዘወር ዘወር ብለን ያየን ይመስለናል።

በቅርብ ዓመታት ከርነሉን ራሱን ወደ ብራውዘሩ የማስገባት ሥራ ተጀምሯል። በ2018 በሞዚላ የተጀመረው ፓዮዳይድ ፓይተንን በብራውዘር ውስጥ ያስኬዳል፤ በ2021 የቀረበው ጁፒተርላይትም በዚያ ላይ ቆሞ ያለ ስሌት ሰርቨር የሚሠራ ኖትቡክ ሰጥቶናል። ሁለቱ መንትዮች በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው። የመጀመሪያው ጭነት ለመስመራችን ከባድ ነው፤ ከወረደ በኋላ ግን ስሌቱ ወደ ሩቅ አገር አይመላለስም። ለእኛ ላቦራቶሪዎች፣ አንድ ጊዜ በግቢው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ በውስጥ መስመር ቢሠራጭ፣ ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ነው። ሁሉም የፓይተን ቤተ መጻሕፍት እዚያ ውስጥ እንደማይሠሩ ግን አስቀድማችሁ እወቁ።

ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ያ ተማሪ ከግምገማው በፊት የላከልኝን ፋይል ከማኅደሬ ፈልጌ ከፈትኩት። ጥናቱን አርሞ፣ ለእያንዳንዱ የመነሻ ዓመት የሚወጣውን ውጤት በሠንጠረዥ አስፍሮ በመልካም ውጤት ተመርቋል፤ እኔ ጋ ያለው ግን የፊተኛው ቅጂ ነው። ጽሑፉ አለ፤ ኮዱ አለ። ግራፉ በነበረበት ቦታ ግን ሥዕልም ስላይደርም የለም። ከርነል ሲጠፋ ኖትቡክ እንደ ልማዱ የሚተወው አንድ መስመር ደረቅ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። የመቆጣጠሪያውን ዓይነት ይናገራል፤ ስሙን ይናገራል፤ ቀጥሎም ስላይደሩ የቆመበትን ዋጋ፣ 1984፣ ይላል።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄያችሁን ልስማ።